ልጅ ሳለሁ

ከጅዳ ወደ መካ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ ወሎዬ አጠገባቸው ላለው ወጣት ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ሰጡት።

«ወንድሜ፣ አማርኛ ታነብልኛለህ? ትንሹ ልጄ በሐጃጅ እጅ የላከልኝ ነው።»

«የትምህርት ቤት ድርሰት ነው፣ ጋሼ። ርእሱ ‹ልጅነቴ› ይላል። ‹ልጅ ሳለሁ አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያ ይወስደኝ ነበር።›»

«ሳለሁ? ገና አሥራ አንድ ዓመቱ እኮ ነው!»

«‹አንድ ቀን ኳስ ስንጫወት የቀበሌ ታጣቂዎች ታላቅ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ልጅ አይደለሁም።›»

«ማንን? ሰይዴን? ኧረ እናቱ ‹ሁላችንም ደህና ነን› ብላ ነው የላከችብኝ!»

«አብሽሩ፣ ድርሰት እኮ ነው። ተማሪ ከልቡ ፈጥሮም ይጽፋል።»

«ታዲያ ፈጥሮት ነው ወይስ ሆኖ ነው?»

«እሱን አይናገርም። አስተማሪው ግን ከሥሩ ‹በጣም ጥሩ› ብሎበታል።»

«ወላሂ አልገባኝም። ጥሩው ምኑ ነው?»

ወጣቱ ወረቀቱን አጥፎ ሊመልስላቸው ዘረጋ።

«እስቲ ድገመውማ፤ ምናልባት አሳስተህ አንብበኸው ይሆናል።»

ወጣቱ ደገመው፤ አንድም ቃል አልተለወጠም።

እኔ አገር ቤት የተውኩትን የልጄን ዕድሜ በጣቴ ቆጥሬ ስጨርስ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።