ለሙት ዓመት የሚሆን አጭር ፀጉር

ደሴ፣ የትርንጎ የሴቶች ፀጉር ቤት፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ፤ ፈትለወርቅ ከመስታወቱ ፊት ተቀምጣለች፣ የሟች ባሏ ታላቅ እኅት ትርንጎ ከበስተኋላዋ ማበጠሪያ ይዛ ቆማለች።

ፈትለወርቅ፦ እኔ የጠየቅሁሽ እንድታሳምሪኝ አይደለም፣ እታለም። እንድትላጪኝ ነው።

ትርንጎ፦ ሰምቻለሁ። ስትገቢም ብለሽዋል፣ ስትቀመጪም ብለሽዋል።

ፈትለወርቅ፦ ታዲያ ማሽኑን አንሺዋ።

ትርንጎ፦ ማሽኑ ቻርጅ የለውም።

ፈትለወርቅ፦ አሁን ስገባ የአንዲት ሴትዮ ማጅራት ስታስተካክዪበት አይቻለሁ።

ትርንጎ፦ እሷ ላይ አለቀ።

ፈትለወርቅ፦ ከጠዋት ጀምሮ ተማሪ ፊት ቆሜ ነው የዋልሁት። ለቀልድ የተረፈኝ ጉልበት የለም።

ትርንጎ፦ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ሰው ራስ ላይ ቆሜ ነው የዋልኩት። አንቺ እንኳ አሁን ተቀምጠሻል። እስቲ ቀና በይ።

ፈትለወርቅ፦ ቀና ብያለሁ።

ትርንጎ፦ ፊትሽ ክብ ነው። አንገትሽ ደግሞ ረጅም ነው፤ ዓመት ሙሉ በጥቁር ሻሽ ጠቅልለሽው ረስተሽዋል እንጂ። ለአንቺ ከላይ ከፍ ያለ፣ ከግራና ከቀኝ ጠበብ ያለ፣ ከጆሮሽ የማይወርድ፣ ማጅራትሽ ላይ እየሳሳ ሄዶ የሚያልቅ ቁርጥ ነው የሚሆንሽ። ከፊት ትንሽ ግንባርሽ ላይ ጣል ይላል።

ፈትለወርቅ፦ ከነገ ወዲያ የአምሃ ሙት ዓመት ነው። ስለ ግንባሬ አላሰብሁም።

ትርንጎ፦ ብታስቢም ባታስቢም ግንባርሽ አብሮሽ ይመጣል።

ፈትለወርቅ፦ የሚያምረውን ለሌላ ቀን አቆዪልኝ። አሁን ይህን ክብደት ብቻ አውርጂልኝ። ስታጠብ ውሃ የሚያፈስልኝ እሱ ነበር፤ አሁን በአንድ እጄ ጆግ በአንድ እጄ ሳሙና ይዤ፣ ሳልጨርስ ይደክመኛል። ወይም እንደ አንቺ አሳጥሪውና ልሂድ። የአንቺ ያምርብሻል።

ትርንጎ፦ የእኔ ለአንቺ አይሆንም። የእኔ ፊት ረጅም ስለሆነ ከጎን ሞልቶ ከላይ ዝቅ ሲል ይሸከመዋል። አንቺ ላይ ፊትሽን ያሰፋዋል። ደግሞ የእኔ መቼ ተመርጦ ተቆረጠ? ለሐዘኑ ተላጭቶ አድጎ ነው። ደንበኞቼ "ማን ሠራልሽ?" ይሉኛል። አምሃ ልበላቸው?

ፈትለወርቅ፦ ለምን አላስረዘምሽውም?

ትርንጎ፦ ሥራ ቀለለልኝ።

ፈትለወርቅ፦ እንግዲያው እኔንም ላጪኝ። ያድጋል።

ትርንጎ፦ ፈትሌ፣ ሰው ሁሉ ጥቁሩን በሚያወልቅበት ቀን አንቺ ልትጀምሪ ነው? የቀብሩ ዕለት ያልተላጨሽ፣ በሙት ዓመቱ ተላጭተሽ ብትገቢ፣ "ሌላ ሰው ሞተባት እንዴ?" ብለው እንደ አዲስ ሊያለቅሱልሽ ነው። እድሩም ድንኳኑን ሳይነቅል ሊያድር ነው።

ፈትለወርቅ፦ አትሳለቂብኝ።

ትርንጎ፦ አልተሳለቅኩም። የእድራችንን ሴቶች ስለማውቃቸው ነው። አንዴ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም።

ፈትለወርቅ፦ አምሬ ብገባስ ምን ይሉኛል? "ዓመቱን ቆጥራ ጨረሰች፣ አሁን ባል ትፈልጋለች" ነው የሚሉኝ።

ትርንጎ፦ ተላጭተሽ ብትገቢስ?

ፈትለወርቅ፦ "በመጨረሻ ገባት" ይሉኛል።

ትርንጎ፦ ምኑ?

ፈትለወርቅ፦ ሐዘኑ።

ትርንጎ፦ ማን ጠየቀሽና ነው?

ፈትለወርቅ፦ ያደከመኝ ማንም አለመጠየቁ ነው። ያኔ ያልተላጨሁት ስላላዘንሁ አይደለም፤ ሐዘኔን ሰው እንዲያነበው ራሴ ላይ መጻፍ አልሆንልሽ ስላለኝ ነው። የሚጠይቀኝ ቢኖር እንዲህ ብዬ እመልስ ነበር። ይኸው መልሱ ዓመት ሙሉ ውስጤ ተቀምጦ ቀረ።

ትርንጎ፦ እናንተ የተማራችሁት ችግራችሁ ይኼ ነው። ጥያቄው ሳይወጣ መልሱን ታጠናላችሁ።

ፈትለወርቅ፦ እናትሽ ግን ትጠይቀኛለች።

ትርንጎ፦ እማዬ? መቼ ጠየቀችሽ?

ፈትለወርቅ፦ በየእሑዱ። በአፏ አይደለም።

ትርንጎ፦ በምኗ ታዲያ?

ፈትለወርቅ፦ በእጇ። ጉልበቷን ስሜ አጠገቧ ስቀመጥ እጇን ራሴ ላይ ጭና ትመርቀኛለች። ዓይኗ ስለማያይ ምንም አልልም። ምርቃቱ መሐል ላይ ጣቶቿ ሻሼን ገፋ አድርገው ይገባሉ። ጉንጉኑን ከሥሩ ይይዙና ቁልቁል ይወርዳሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ምርቃቱም አብሮ ይቆማል። ከዚያ "እደጊ" ትለኛለች።

ትርንጎ፦ እሱማ ምርቃት ነው።

ፈትለወርቅ፦ አርባ ልደፍን ነው እኮ፣ እታለም። ከእንግዲህ የሚያድግልኝ ፀጉሬ ብቻ ነው። እኔን ትበል ፀጉሬን ትበል አላውቅም። "አሁንም አለ? ልጄ ሞቶ አንቺ ይህን ታስረዝሚያለሽ?" የምትለኝ ይመስለኛል። የእሑድ ምሳ ገና ከሐሙስ ጀምሮ ያደክመኛል። ስለዚህ አሁን እጇ ሲገባ ባዶ ያግኝና ይረፍ። እኔም ልረፍ።

ትርንጎ፦ እማዬ እንደሱ ብላሻለች?

ፈትለወርቅ፦ እጇ ብሎኛል።

ትርንጎ፦ እጇን ስታዳምጪ አፏ አመለጠሽ።

ፈትለወርቅ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ትርንጎ፦ ምንም። ዞር በይ፣ ጉንጉኑን ልፍታው። ምን አጥብቀሽ ነው የጎነጎንሽው?

ፈትለወርቅ፦ እታለም። ምን ማለትሽ ነው?

ትርንጎ፦ የሠልስቱ ዕለት የት ነበርሽ?

ፈትለወርቅ፦ ጓዳ። ራሴን አላውቅም ነበር።

ትርንጎ፦ እኔ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ፣ ራሴ እንደ ድንች ተልጦ። ሴቶቹ አንዴ እኔን ያያሉ፣ አንዴ አንቺ የተኛሽበትን ጓዳ በር ያያሉ። በኋላ አንዷ፣ ስሟን አልነግርሽም፣ እሑድም መጥታ አጠገብሽ መቀመጧ አይቀርም፣ "እኅት ተላጭታ ሚስት በጉንጉን?" አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ግን እማዬ የከዳት ዓይኗ ነው እንጂ ጆሮዋ የሁላችንን ያህላል።

ፈትለወርቅ፦ ምን አለች?

ትርንጎ፦ "እኔ ነኝ የከለከልኳት" አለች።

ፈትለወርቅ፦ ማንን?

ትርንጎ፦ አንቺን ነዋ። "መቀሱን ከእጇ የቀማኋት እኔ ነኝ። ልጄ የሚወደው ፀጉር ነው፤ እሱን ቀብሬ ይህን ደግሞ አላስቀብርም። የከፋው ካለ እኔን ይውቀስ" አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ደፍሮ ይጠይቅሽ? ያ ያጠናሽው መልስ ጠያቂ ያጣው ለዚህ ነው።

ፈትለወርቅ፦ እኔ መቀስ አልያዝሁም እኮ። እናትሽም አልቀማችኝም።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ። እማዬ ስትዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ግን ለጀማሪ ጎበዝ ነበረች።

ፈትለወርቅ፦ ታዲያ እሑድ ተላጭቼ ብገባ . . .

ትርንጎ፦ ወይ እሷን በድንኳኑ ሰው ሁሉ ፊት ውሸታም ታደርጊያታለሽ፣ ወይ "ምራቷ ቃሏን ናቀች" ታሰኚያታለሽ። ጣቷ ጫፉ ድረስ የሚወርደው ማዘን አቁመሽ እንደሆነ ለማወቅ አይደለም። ተበሳጭተሽ ቆርጠሽው እንዳይሆን ትፈራለች። ሙሉውን ስታገኘው ትረጋጋለች፤ ያኔ "እደጊ" ትልሻለች።

ፈትለወርቅ፦ ለምን አልነገረችኝም?

ትርንጎ፦ ውለታ እንዳይሆንብሽ ይሆናላ።

ፈትለወርቅ፦ አንቺስ?

ትርንጎ፦ እኔ ምን?

ፈትለወርቅ፦ አንቺ ለምን አልነገርሽኝም? በየእሑዱ እዚያው ቤት ውስጥ ነበርሽ። ስወጣ በር ድረስ ትሸኚኛለሽ። ፊቴን ታዪ ነበር።

ትርንጎ፦ ራስሽን ቀጥ አድርጊ።

ፈትለወርቅ፦ ቀጥ ብሏል።

ትርንጎ፦ እኔን አልከለከለችኝማ።

ፈትለወርቅ፦ ምን አልሽ?

ትርንጎ፦ እኔን አልከለከለችኝም ነው የምልሽ። እዚሁ መስታወት ፊት፣ በሩን ዘግቼ ለብቻዬ ነው የተላጨሁት። የኋላዬን ስለማላየው በእጄ እየዳበስኩ ጨረስኩት። ማንም መጥቶ ከእጄ መቀስ አልቀማኝም። ቤት ስገባ እማዬ ራሴን ዳበሰችና "ደግ አደረግሽ፣ ለወንድምሽ ይገባዋል" አለችኝ። በማግስቱ ድንኳን ውስጥ ለአንቺ ዋሸች። ይኼን ይዤ ልምጣና "ፈትሌ፣ ደስ ይበልሽ" ልበልሽ?

ፈትለወርቅ፦ እንድትዋሽልኝ አልጠየቅኋትም እኮ።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ። ጠይቀሻት ቢሆን እጠላሽ ነበር፤ እሱ ይቀለኝ ነበር።

ፈትለወርቅ፦ እጇን አንቺ ላይም ትጭናለች?

ትርንጎ፦ ትጭናለች። አጭሩን ፀጉር ስታገኝ "አንቺ ነሽ?" ብላ እጇን ታነሳለች። ለእሷ አጭሩ ራስ እኔ ነኝ፣ ረጅሙ አንቺ።

ፈትለወርቅ፦ "እደጊ" አትልሽም?

ትርንጎ፦ ለእኔ "ሻዩን አምጪው" ነው የምትለኝ።

ፈትለወርቅ፦ መቼም አላስተዋልሁም።

ትርንጎ፦ የራስሽን ራስ ስትጠብቂ። አይፈረድብሽም። በይ አሁን፣ ፀጉርሽ ተፈቷል፣ እኔም እግሬ ዝሏል። አልላጭሽም፤ እሱን እርሺው። ማሳጠር ግን ሌላ ነው። ጥቁሩ ሲወልቅ የእማዬም ክልከላ አብሮ ይወልቃል፣ ዓመት የሞላው ሐዘን ላይ ፀጉሯን ያስተካከለች ሴት ማንም የሐዘን ራስ አይላትም። ከላይ ከፍ፣ ከጎን ጠበብ አድርጌ እሠራልሻለሁ። ክብደቱም ይወርድልሻል፣ እማዬም ውሸታም አትሆንም፣ አንቺም ያምርብሻል። ተስማማን?

ፈትለወርቅ፦ አልተስማማንም።

ትርንጎ፦ አሁን ደግሞ ምን ቀረ?

ፈትለወርቅ፦ የአንቺን አድርጊልኝ። ከጎን ሞላ፣ ከላይ ዝቅ። ልክ እንደ አንቺ።

ትርንጎ፦ ፊትሽን ያሰፋዋል ብዬሻለሁ።

ፈትለወርቅ፦ ያስፋው። እማዬ የምታየው በእጇ ነው፤ እሑድ የትኛው ራስ የማን እንደሆነ ይጥፋትና ሁለታችንንም "እደጊ" ትበለን።