ገመዱን የነካ ሁሉ

ክቡር ሊቀመንበር ሚስተር ቴልማክ፣ የአንስ ፓልሚስት ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ይህን የስንብት ምሳ ስላዘጋጃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ወንበሮቹን ከቤተ ክርስቲያን ተሸክማችሁ ላመጣችሁ፣ የዳቦ ዛፉን ፍሬ ከጠዋት ጀምሮ ከሰል ላይ ስታገላብጡ ለዋላችሁ ሴቶች፣ ለሚስተር ቴልማክም ስለ እኔ ለተናገሩት ደግ ነገር። ከተናገሩት ግማሹን ራሳቸው ፈጥረውታል። የቀረውን ግማሽ እኔ ነኝ የነገርኳቸው።

ጠረጴዛው ላይ ዶሮ አለ፤ በረዶ ሆኖ በመርከብ የመጣ ዶሮ። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የመጨረሻ ምሳ ላይ ከባሕር የወጣ አንድም ነገር የለም። ያበሰሉትን እየወቀስኩ አይደለም። ከየት ያምጡት?

እንደምታውቁት እኔ ወደዚህ ደሴት በበጎ ፈቃድ ከመምጣቴ በፊት፣ በካናዳ ጠረፍ ሠላሳ ዓመት ዓሣ በጅምላ እየገዛሁ የምሸጥ ነጋዴ ነበርኩ። አንድ ልማድ ነበረኝ። የዕቃውን ጉድለት ከገዢው ቀድሜ እናገራለሁ። ጉድለቱን ራሱ ያገኘ ገዢ ሁለተኛ አይመለስም። ዛሬም እንደዚያው ላድርግ።

ባለፈው ማክሰኞ ማኅበሩ እንዲዘጋ ድምፅ ሰጣችሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ውይይት ጥፋቱ የባሕር አረሙ ነው ተባለ፣ አውሎ ነፋሱ ነው ተባለ፣ መንግሥት ነው ተባለ። የእኔን ስም ያነሳ አልነበረም። ጨዋነታችሁ ነው። ትክክል ግን አይደለም።

ማስታወሻ እንደምጽፍ ታውቃላችሁ። «ሚስ ሜርል፣ ዛሬስ ማንን ጻፍሽ?» እያላችሁ ዘጠኝ ዓመት ስትቀልዱብኝ ኖራችኋል። እንግዲህ ዛሬ ራሴን ላንብብላችሁ።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ታንቲ ዩዶክሲ፣ እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት የሁላችንም አክስት፣ ከባሕሩ ዳር ቆመው ትልቁን ዛጎል ነፉ። እኔ መርከብ የመጣ መሰለኝ። መምህሩ ክፍሉን ጥሎ ወጣ፤ ተማሪዎቹ ተከተሉት። ፀጉር አስተካካዩ ሮማነስ መቀሱን እንደያዘ ወረደ። ደንበኛውም ግማሽ ራሱን ተላጭቶ፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ከኋላው ሮጠ። መረቡ ባሕሩ ላይ በግማሽ ክብ ተዘርግቷል፤ ሁለቱ ገመዶች አሸዋው ድረስ መጥተዋል፤ አርባ ሃምሳ ሰው ተሰልፎ ይስባል። እኔ ደብተሬን ይዤ ቆሜያለሁ።

«አንቺ!» አሉኝ ታንቲ። «እጅሽን አሞሻል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ? ያዢ!»

ያዝኩ። መዳፌ ተላጠ። መረቡ ሲወጣ ታንቲ በቅርጫት እየዞሩ ማደል ጀመሩ። ለእኔ አራት ዓሣ ሰጡኝ። አጠገቤ ዓይነ ስውሩ ሚስተር ፎንትኔል ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። በዱላቸው እየዳበሱ ወርደው፣ ገመዱን በሁለት ጣታቸው ነካ አድርገው፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ለእሳቸውም አራት።

«ታንቲ፣ እኚህ ሰውዬ እኮ አልሳቡም» አልኩ።

«ነክተዋል አይደል?»

«መንካትማ ነክተዋል።»

«እና?»

የዚያን ቀን የጻፍኩት ይኸውላችሁ፦ «ከሚወጣው ዓሣ ሲሶው ሳይሸጥ አሸዋው ላይ ይበተናል። ሥርዓት የለም። ከሁሉ በፊት መታረም ያለበት ይህ ነው።»

ሥርዓት የለም ብዬ ጻፍኩ። ሥርዓቱ አራት ዓሣ ሆኖ እጄ ላይ ነበር።

የመጣሁት ለሁለት ዓመት ነበር። ሦስተኛውን ለምኜ ያስጨመርኩት ይህን እርማቴን ለማስፈጸም ነው። በዚሁ ክፍል ሰበሰብኳችሁ። ገመድ የሚጎትት ሞተር እናስመጣ፤ ስድስት ሰው ይበቃል፤ የሚተርፈው ሲሶ በበረዶ ተጭኖ ለሆቴሎቹ ይሸጥ አልኩ። በደንብ አስረዳሁ። ሰው ማሳመን የኖርኩበት ሥራ ነው።

የመረቡ ባለቤት ካፒቴን ኢግናሽየስ ልክ እንደዛሬው መስኮቱ አጠገብ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ሞተሩ የተበላሸ ዕለትስ?» አሉኝ።

«እናስጠግነዋለን ካፒቴን።»

«እሺ» አሉ።

ታንቲ ግን አልተውኝም። «ያንን ሲሶ ሲበላ የነበረው ሰውስ?»

«ይገዛላ!» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። በታንቲ ላይ እንደተሳቀ ታስታውሳላችሁ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ሦስት እጅ ብቻ ተቃወመ።

አራት ዓመት ያህል እንዳልኩት ሆነ። የበረዶ ማሽን ገባ፤ የዚህ አዳራሽ ጣሪያ ተቀየረ፤ የሆቴሉ ነጭ መኪና በሳምንት ሦስት ጊዜ መጣ። የዚያን ጊዜ ደብተሬ ደስ ደስ ይለዋል።

አሁን አንዳችሁም የማታውቁትን ልንገራችሁ።

ሞተሩ ከመጣ በኋላም ታንቲ ዛጎሉን መንፋት አልተዉም ነበር። ሰውም ይወርድ ነበር። ወርዶ ምን ያደርጋል? ቆሞ ሞተሩን ያያል፣ ገመድ ይረግጣል፣ ስድስቱን ሰዎች ይህን አድርጉ ያንን አድርጉ ይላል። ሥራ ያጓትትብናል፤ እኔም «ገመዱን አትርገጡ!» እያልኩ እጮህ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ታንቲ ቤት ሄድኩና «ከእንግዲህ ባይነፉትስ? ሰው በከንቱ ይመላለሳል» አልኳቸው። ኮሚቴው አልወሰነም፤ ማንም አልላከኝም። ታንቲ አንድ ጊዜ አዩኝና ዛጎሉን በር ማቆሚያ አደረጉት።

«የታንቲ ሳንባ ደከመ» ስትሉ ሰምቻለሁ። በሰማሁ ቁጥር ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ፤ አራት ዓመት ሙሉ። ሳንባቸው ደህና ነው። ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ።

ታንቲ፣ እንደዚህ አይዩኝ። ሳልናገረው መሄድ አልቻልኩም።

ከዚያ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ መጋቢት ላይ የሆነውን አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። በዘጠኝ ዓመት ያላየሁት የዓሣ መንጋ ገባ። ውኃው ጠቆረ። ካፒቴን መረቡን ዘርግተው ከበቡት። ከኋላው ደግሞ አረሙ እየተገፋ መጣ። ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰውና ጠፋ። ሠራተኛው ቢመታው፣ ቢሳደብ፣ ቢለምነው እንቢ አለ።

«ዛጎሉን!» አሉ ካፒቴን።

ታንቲ ከበራቸው ሥር አንስተው አመጡት። ነፉ። ደግመው ነፉ። እኔ ወደ መንገዱ አየሁ። ሰው ከላይ ቆሟል፤ አይወርድም። ሮማነስ ከዚያ ሆኖ «ምነው፣ ሞተራችሁ ዛሬ ጾም ያዘ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። አንዲት ሴት ደግሞ «ገመዱን ብንረግጥባችሁስ ሚስ ሜርል?» አለች። ሳቁ። ምን ልበላቸው? እውነታቸውን ነው።

ሮማነስ ቀልዱን ጨርሶ ወርዷል፤ ይህ ይታወቅለት። ሌሎችም ጥቂት ወረዱ። በጠቅላላው አሥራ አራት ሆንን። አረሙ የገባበት መረብ እንደ እርጥብ ቤት ይከብዳል። ሳብን፤ አልመጣም። ባሕሩ ወደ ድንጋዩ ይጎትተው ጀመር፤ የታሰሩበትን ጀልባዎች ከነሰዎቹ አዘነበለ። ካፒቴን ቢላዋቸውን አወጡና ገመዱን ቆረጡት። አባታቸው የጀመሩትን፣ እሳቸው በየዓመቱ ሲጠግኑት የኖሩትን መረብ በራሳቸው እጅ። ቢላዋውን ጠርገው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ዕለት ደብተሬ ላይ ቀኑን ብቻ ነው የጻፍኩት።

እኔ ተስፋ መቁረጥ የማውቅ ሰው አይደለሁም። በእልህም ይሁን በጸጸት፣ አዲስ መረብ ፍለጋ የላከኝን ድርጅት አንድ ዓመት ተኩል ጨቀጨቅኩት። ባለፈው ጥር መጣ። ቤት ለቤት ዞሬ «እንደ ድሮው ነው፤ ሞተር የለም፤ የነካ ሁሉ ይወስዳል» አልኩ። «እንመጣለን ሚስ ሜርል» አላችሁኝ። ታንቲ ነፉ። እንመጣለን ካላችሁት አንድም የቀረ አልነበረም።

አሥራ ዘጠኝ ሰው። ከሁላችሁ የመጨረሻው ታናሽ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው።

ሮማነስ ዋና ከተማው ውስጥ በሆቴል ፀጉር ያስተካክላል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ መምህሩ ወደ ሌላ ደሴት ሄዷል። በዚያች ጠዋት ከላይ ሆና የሳቀችብኝ ሴት ባሕር ማዶ፣ ብሩክሊን፣ ልጇ ጋ ናት። እኔ የፈራሁት ቂምን ነበር። ቂም በሆነ! የተቀየመ ሰው ይለመናል፣ ሽማግሌ ይላክበታል። የሄደን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? መረቡን በወገብ ጥልቀት ውኃ ላይ ዘርግተን፣ መሳብ አቅቶን፣ ዓሣውን ለቀን መረቡን ብቻ በጀልባ መለስነው።

ሚስተር ቴልማክ ትናንት «ሚስ ሜርል፣ ሰው ካንቺ በፊትም ይሄድ ነበር እኮ» አሉኝ። እውነት ነው። ሳይሄድ በፊት ግን የሚያመነታበት ነገር ነበረው። ጠዋት ሲነጋ ይፈለግ ነበር። ዓይነ ስውሩ ሰውዬ ሳይቀሩ ይፈለጉ ነበር። አያስፈልግም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በደንብ አስረድቼ።

መረቡን በተመለከተ፦ እንደወሰናችሁት ከተራራው ማዶ ላሉት ለሎሬ መንደር ሰዎች ተሰጥቷል። እነሱ አሁንም አርባ ሰው ያወጣሉ። ከካፒቴናቸው ከሁበርት ጋር የተነጋገርኩት እኔ ነኝ። የነጋዴ ነገር፣ ሁለት ግዴታ በወረቀት ጽፌ ሄድኩ፤ ሞተር እንዳይገጠምበት፣ ከአንስ ፓልሚስት መጥቶ ገመዱን የነካ ሰውም ድርሻውን እንዲያገኝ። ሁበርት ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ሚስ፣ ይሄ ደግሞ ይጻፋል እንዴ?» አለኝ። «የነካ ይበላል። ሌላ ምን አለ?»

ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ግን እንዳትታለሉ። ሎሬ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ያውም ዳገት። የዛጎላቸው ድምፅም እዚህ አይደርስም። በዚህ ክፍል ካለነው ማን ይሄዳል? እኔ አንድ በአንድ አስቤዋለሁ። ማንም። ካፒቴን ኢግናሽየስን መረቡን እንዲያስለምዷቸው ለምኛቸው ነበር። «የሌላ ሰው ባሕር አላውቅም» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። ካሁን በኋላ ካፒቴን ሲናገሩ አልከራከርም፤ ለዚህ ብልህነት ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።

መረቡ ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይጫናል። ከዚህ አዳራሽ እስከ መኪናው ለማድረስ ሃያ ሰው ይፈልጋል። እናንተ ስትበሉ ቆጥሬያለሁ፤ ከእኔ ጋር አሥራ ስድስት ነን። ሁበርት «ግድ የለም፣ አራት ሰው ጨምሬ እመጣለሁ» ብሏል። ግን ቀድመን እንገኝ። የራሳችን መረብ ሲወጣ ተቀምጠን አንይ።

እኔ ሐሙስ በጀልባው እሄዳለሁ። ወደ መንደሬ ነው፤ እዚያም ዓሣው ካለቀ ቆይቷል፤ የቀሩትን ሰዎች ስም በአንድ ገጽ መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ ወደ ተሻለ ነገር ሄደች ብላችሁ አትቅኑብኝ።

እንግዲህ ልመርቅ፤ የማውቀውን ያህል።

ወደ ከተማ ለምትሄዱት፣ ደህና ሰው ቤት ያከራያችሁ። ባሕር ለምትሻገሩት፣ ስትደርሱ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ዘመድ ይስጣችሁ። ለምትቀሩት፣ ጣሪያችሁ የመስከረምን አውሎ ነፋስ ይቻል፤ የውኃ ጋናችሁ አይጉደል፤ ስትወድቁ የሚሰማ ጎረቤት ይኑራችሁ። ካፒቴን፣ ጤና ይስጥዎት፤ ከዚያ በላይ ምን እንደሚባል አላውቅም። ታንቲ፣ እዚህ ቤት በዕድሜ መመረቅ የሚገባዎት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ግን «ይመርቁኝ» ብዬ አልጠይቅዎትም።

ሁላችሁንም፣ የትም ብትሆኑ፣ ሲነጋ የሚፈልጋችሁ ሰው አይጥፋ።