ትከሻ የሸሸገው ዜማ

በበጋ በደቡብ ስፔኗ ከተማ ሄሬስ ውስጥ ከቀትር በኋላ ከቤቱ የሚወጣ ወይ እብድ ነው ወይ ጡረተኛ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ሙቀትም ክርክርም ሰልችቶኛል። መድኃኒት ልገዛ ስወጣ ጎረቤቴ ዶን ኤላዲዮ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጊታር ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ቁርጥማት ጣታቸውን አጣሞታል። የልጅ ልጃቸው ኒዬቬስ አጠገባቸው ጊታር ታቅፋ ስልኳን ታያለች።

«ይቺን ጉድ ይዩልኝ መምህር! ከስልክ ትማራለች። ስትሳሳት ስልኩ ጣቷን ይመታታል?»

«አይመታኝም አባባ፤ እሱን እኮ ነው የወደድኩለት» አለች።

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«እኛ የቤታችንን ዜማ ለባዳ አናሳይም ነበር። ድግስ ላይ ስጫወት እንኳ ትከሻዬን አዙሬ ክሩን የሚጫነውን ግራ እጄን እሸሽግ ነበር። ጊታር መቺ ሁሉ በዓይኑ የሚሰርቅ ሌባ ነዋ!»

«ታዲያ የአባትዎ ዜማ ዛሬ ማን ጋ አለ?» አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው! ሽማግሌው አቀረቀሩ።

«መሐሉ ጠፍቶኛል። ልጄ ጊታር ጠላ፤ ለሰው ደግሞ ሰሰትኩ። እንግዲህ አብሮኝ ይቀበራል። ደክሞኛል መምህር።»

ኒዬቬስ ስልኳን አስቀምጣ ያንኑ ዜማ መጫወት ጀመረች። መሐሉ ላይ ስትደርስ ዶን ኤላዲዮ ቀና አሉ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከአክስቴ ሰርግ ፊልም። እዚያ ሲጫወቱ እጅዎን ከወንዶቹ ለመሸሸግ ወደ ሴቶቹ ዞረው ነበር። ካሜራው ደግሞ ሴቶቹ ዘንድ ነበር። ስልኬ ላይ አዘግይቼ፣ እየመላለስኩ ለቀምኩት።»

«ሴት አትሰርቅም ብዬ እኮ ነው! የቤት ሌባ!» አሉ፤ እንባቸው ግን ቀድሟቸው ነበር። ወዲያው ደግሞ ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ «አውራ ጣትሽ ቸኩሏል። እዚህ ጋ ምቱን ጠብቂው» አሉ።

«ይኸው! ስልኩ ይህን አልነገረኝም።»

ስልክ አይደክመውም፤ የፈለጉትን ያህል ቢያስደግሙት አይቆጣም፤ አስተማሪ በሌለበት ቀዬ ያለ ልጅም ይማርበታል። ምቱን ግን የኖረበት ሰው ነው የሚያርመው። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«እንግዲያው ቅረጪኝ፤ የማስታውሰውን ላሳይ» ብለው ጊታሩን ተቀበሉ። ከልማዳቸው የተነሳ ትከሻቸውን አዞሩ።

«አባባ፣ እጅዎ አይታይም!»

እያጉረመረሙ ወንበራቸውን ጎትተው ከስልኩ ፊት ለፊት ተቀመጡና የተጣመመ ግራ እጃቸውን ወደ ብርሃን አወጡት።

«በይ፣ ባዳም ይየው» አሉ።