ሞልቼ የደፋሁት ውሃ

መርካቶ ጀሪካን እሸጣለሁ። እኛ ጋ ጀሪካን እንደማያፈስ ለማሳየት ውሃ ሞልተን እንገለብጠዋለን፤ ከዚያ ውሃውን መንገድ ላይ እንደፋዋለን። በቀደም ልጃቸውን ሊጠይቁ ከቆላ የመጡ አንድ ሽማግሌ ባለቧንቧውን ጀሪካን መረጡ። ሞልቼ ገለበጥኩት፤ ጠብ አላለም። "ይኸው አባባ፣ ንጹህ ውሃ እቤትዎ ገባ!" ብዬ ውሃውን አስፋልቱ ላይ ቸለስኩት።

አባባ ክው አሉ። "ምን አጠፋ?"

"ማን?"

"ውሃው!"

"ኧረ የቧንቧ ውሃ እኮ ነው!" ብዬ ሳቅኩ።

"እኛ ከከብቱ ጋር ከአንድ ኩሬ ነው የምንጠጣው። የውሃ ቦቴ ይመጣል ቢሉን ነው ጀሪካን የምገዛው።"

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ጀሪካናቸውን ተሸክመው ወጡ። ገና ሳይርቁ ሌላ ደንበኛ መጥቶ፣ "አያፈስም?" አለኝ። ሞላሁ፣ ገለበጥኩ፤ አባባ ዞር ብለው እያዩኝ ደፋሁት።