ቀስ ሲሉት የሚያንገጫግጭ ፒክአፕ

ከጭሮ ወደ መቻራ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ጨዋታ ይዘዋል።

«ፒክአፕ እያለህ በታክሲ?»

«ታሞብኝ ነው አባባ። ነዳጅ በቀስታ ስሰጠው ያንገጫግጫል። ስረግጠው ግን ሰላም ነው።»

«መካኒክ አላየውም?»

«ጭሮ ሦስት መካኒኮች ነድተው ሞከሩት። ሦስቱም ምንም የለበትም አሉ።»

«እንዴት?»

«ሦስቱም የጫት መኪና ሾፌር የነበሩ ናቸው! ቀስ ብሎ መንዳት ከየት ያምጡት?»

«አንተስ ረግጠህ አትነዳም?»

«እናቴን ሐኪም ቤት የማመላልስበት ነው። ወገቧን ያማታል፤ ሲያንገጫግጫት ታለቅሳለች፣ ሲበርባት ትጮኻለች። መቻራ አንድ መካኒክ አለ፣ መኪና ከተገለበጠበት ወዲህ ፍጥነት ይፈራል አሉኝ። እሱን ላመጣው ነው።»

«እሱማ ጎረቤቴ ነው። መኪና ላይ መውጣት ከተወ ቆየ።»

«ታዲያ እንዴት ይመረምራል?»

«ባለመኪናው በቀስታ ይነዳል፣ እሱ ከጎን በእግሩ እየሄደ ያዳምጣል።»

«አልሐምዱሊላህ! የምፈልገው ሰው ይኼ ነው!»

«ግን ጭሮም የሚመጣልህ በእግሩ ነው።»

«ይምጣ አባባ! ሦስቱ በርረው ያጡትን እሱ በእግሩ ያገኘዋል።»

ሾፌራችን ቁልቁለቱን ነዳጅ ረግጦ ሲወርደው፣ እኔ በልቤ ከዚያ መካኒክ ጋር በእግሬ መንገድ ጀመርኩ።