የዘነቡ አሟሟት

(ከምሳ በፊት፣ የተከታታይ ድራማ መቅረጫ ቤት ውስጥ። የውብዳር ድራማውን ትጽፋለች፣ ዘነቡ የምትባለዋን ሚስት ሆናም ትተውናለች፤ ንጋቱ ፕሮዲዩሰሩ ነው፣ በድራማው ደግሞ የዘነቡ ባል፣ ደምሴ።)

ንጋቱ፦ ግደያት አልኩሽ፣ የውቤ። በቃ። ሕመም ከሆነ ሕመም፣ መኪና ከሆነ መኪና፤ ምርጫው ያንቺ ነው።

የውብዳር፦ ደግ ነህ። አሟሟቴን አስመረጥከኝ።

ንጋቱ፦ አንቺን ማን ነካሽ? ዘነቡን ነው። አንቺ ቁጭ ብለሽ ትጽፊያለሽ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

የውብዳር፦ ይሄን የተረተው አንዱም ዛፍ ላይ መውጣት ያቃተው ሰው ነው።

ንጋቱ፦ ስፖንሰሮቹ አዲስ ፊት ይፈልጋሉ። ደምሴ ወጣት ሚስት ቢያገባ ድራማው ነፍስ ይዘራል።

የውብዳር፦ ድራማው ነው ወይስ ደምሴ?

ንጋቱ፦ ሙያ ነው እባክሽ። ለሚስትነቱ ያሰብኳት ልጅ ጎበዝ ናት።

የውብዳር፦ ቅንድቧ ጎበዝ ነው። ስማ ንጋቱ፤ ከቀበሌ ኪነት ጀምሮ ታውቀኛለህ። በየቲያትሩ ገረድ ሆኜ ስንት ዓመት ትሪ ይዤ ገባሁ? «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል» ብዬ እወጣለሁ። ያቺው ናት። እንግዳው ማን እንደሆነ እንኳ የነገረኝ የለም።

ንጋቱ፦ ትሪውን ግን አሳምረሽ ነበር የምትይዢው።

የውብዳር፦ ሁለተኛ መስመር የሚጽፍልኝ ሲጠፋ ራሴ ጻፍኩት። ብዕር ያነሳሁት መድረክ ላይ ለመቆየት ነው። አሁን ብዕሩን ያዢና ፊትሽን ከካሜራው አንሺ ስትለኝ ያመኛል። የምሬን ነው፣ ያመኛል።

ንጋቱ፦ እሱንስ አውቃለሁ። ግን ካልገደልሻት ሌላ ጸሐፊ እቀጥራለሁ።

የውብዳር፦ እንዳምናው? ወገቤን ታምሜ የተኛሁ ጊዜ የቀጠርከው ሰውዬ፣ ቀብረነው የተመለስነውን ዘበኛ በር አላስከፈተውም?

ንጋቱ፦ እሱን አታንሺብኝ።

የውብዳር፦ ሥጋ ቤት በገባሁ ቁጥር «ዘበኛውን በየትኛው ጠበል ነው ያስነሳችሁት?» ይሉኝ ነበር።

ንጋቱ፦ እንግዲያው አንቺው ግደያት።

የውብዳር፦ ገድያታለሁ። ዛሬ ጠዋት ጨረስኳት፤ ይኸው አንብብ።

ንጋቱ፦ እንዲህ ነው እንጂ ሰው። ሕመም አደረግሽው፣ ጥሩ። ቆይ፣ ደምሴ ከዚህ በኋላ ምን ያደርጋል?

የውብዳር፦ ሐዘን ይቀመጣል።

ንጋቱ፦ ሦስት ቀን?

የውብዳር፦ እስከ ተዝካሯ። ልጅ የወለደችለት ሚስቱ እኮ ናት። ድንኳን ይጣላል፣ ዕድርተኛው ይመጣል። አንተ ጋቢ ተከናንበህ፣ ጢምህን አሳድገህ፣ ጥግ ላይ።

ንጋቱ፦ ምን እላለሁ?

የውብዳር፦ ምንም። ሐዘንተኛ ያለቅሳል እንጂ ንግግር አያደርግም።

ንጋቱ፦ ክፍሉን ሙሉ?

የውብዳር፦ ምዕራፉን ሙሉ።

ንጋቱ፦ ታዲያ የሚናገረው ማነው?

የውብዳር፦ አልቃሿ። የሟች እህት ናት፣ ከጎጃም የመጣች። ሙሾ ታወርዳለች፦
«መድኃኒት ውድ ነው ብሎ የነፈጋት፣
ለድንኳኗ ሲደርስ እጁ ተፈታላት።»

ንጋቱ፦ ይሄ እኔን ነው?

የውብዳር፦ አንተን ማን ነካህ? ደምሴን ነው።

ንጋቱ፦ እህቷን ማን ይጫወታታል?

የውብዳር፦ የእህት መልክ መቼም ይመሳሰላል።

ንጋቱ፦ ተንኮለኛ። ልጅቷንስ መቼ ነው የማገባት?

የውብዳር፦ ከፈለግህ በማግስቱ ላጋባህ። ዘነቡን በጥፊ የመታሃት ጊዜ አትክልት ተራ ምን እንደገጠመህ ረሳኸው?

ንጋቱ፦ ሴትዮዋ ቲማቲም አልሸጥልህም አለችኝ።

የውብዳር፦ ሚስቱ አፈር ሳትለብስ ላገባ ሰውማ በነጻ ትሰጠዋለች፤ ከሩቅ።

ንጋቱ፦ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ነው። እሺ፣ ዘነቡ አትሙት። ልጅቷ የእህቷ ልጅ ሆና ትግባ።

የውብዳር፦ ትምጣ። ትሪ አላስይዛትም፤ ደህና አድርጌ እጽፍላታለሁ።

ንጋቱ፦ በይ ይሄን ወረቀት ቅደጂልኝ።

የውብዳር፦ አልቀደውም፣ መሳቢያዬ ውስጥ ይቆይ። ደግሞ ግደያት ማለት ሲያምርህ፣ ጋቢህን ይዘህ ና።