ሰባቱ እሽጎችና ወይዘሮ ኪዮኖ ሳሳሞሪ

ሐዘናችንን ልትካፈሉ ወደዚህ ቤተ መቅደስ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የመንደራችን የኦኩናሳዋ ሰዎች ሁሉ፤ የታላቅ እህቴን የወይዘሮ ኪዮኖ ሳሳሞሪን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ታናሽ ወንድማቸው ሺንሳኩ ነኝ። ከአምስት ቀን በፊት አንድ ሰው መጥቶ «እህትህ በዱር ጎመን ተመርዘው ይሞታሉ» ቢለኝ ኖሮ ስቄ አባርረው ነበር፤ አሁንም ጽሑፉ በእጄ፣ ሳጥኑ በፊቴ ሆኖ አላምንም። በዚህ ተራራ ላይ መርዙን ከምግቡ መለየት ለአርባ ዓመት ያስተማሩን ሰው በዚያው መርዝ ሞቱ ብዬ ስጽፍ ሦስት ጊዜ እስክሪብቶዬን አስቀምጫለሁ።

ወይዘሮ ኪዮኖ ከአባታቸው ከከሰል አክሳዩ ከአቶ ቶኩጂና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢሶ፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በረዶው የጣሪያውን ጠርዝ ገና ባልለቀቀበት በመጋቢት ወር፣ በዚሁ በአኪታ ተራሮች ሥር ተወለዱ። ከእርሳቸው በኋላ ሰባት ዓመት ቆይቼ የተወለድኩት እኔ ስሆን፣ እናታችን እርሻ ላይ ስለሚውሉ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት በእህቴ ጀርባ ላይ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው የደረሰውን ነገር ሳልናገር ባልፍ የቀረው ታሪካቸው ሁሉ አይገባም። በመንደራችን ወግ በረዶው ሲቀልጥ ከተራራ የሚወርደው የመጀመሪያው የዱር ጎመን ለጎረቤት ይታደላል፤ የለቀመው ሰው የሚበላው የተረፈውን ነው፤ ጨዋነት የሚባለውም ይኸው ነበር። በዚያ ዓመት አንዲት ጎረቤታችን ከጅረቱ ዳር በማጭድ ያጨዱትን ጎመን ለሁለት ቤቶች አከፋፈሉ፤ አንደኛው የእኛ፣ ሁለተኛው የእህቴ የክፍል ጓደኛ የታኤ ቤት ነበር። አባታችን ከከሰሉ ምድጃ እስኪወርዱ እየጠበቅን ሳለ ከታኤ ቤት ጩኸት ተሰማና የእኛ ጎመን ከነድስቱ ተደፋ፤ ታኤና አያቷ ግን በልተው ነበርና ሁለቱም በአንድ ቀን ተቀበሩ። ጎመኑን ያደሉት ሴትዮ እራሳቸው ገና አልቀመሱትም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ኖሩ፤ አንድም ቀን በመንደሩ መንገድ ቀና ብለው ሲሄዱ አልታዩም። እህቴ ስለ ታኤ ብዙ አይናገሩም፤ ስለ እኚያ ሴትዮ የተደፋ አንገት ግን እስከ እርጅናቸው ድረስ ያነሱ ነበር።

ወይዘሮ ኪዮኖ ዘጠኝ ዓመት ተምረው፣ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ከተማ የሚልካቸው ስላልነበረ በደን ችግኝ ጣቢያ ተቀጥረው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በእነዚህ ተዳፋቶች ላይ የጥድ ችግኝ ሲተክሉ ኖረዋል። እግራቸው ያልረገጠው ጅረት፣ እጃቸው ያልነካው ቅጠል አልነበረም። ከአንድ ግንድ ሁለት ነጭ አበባ የምታወጣው፣ እኛም መንታ አበባ ብለን የምንበላት ጎመንና፣ በመከር ወቅት የወፍ ራስ የሚያክል ወይን ጠጅ ቆብ የሚደፋው፣ የወፍ ቆብ የምንለው ገዳይ ተክል፣ በአንድ እርጥብ ጥላ ሥር ተቃቅፈው እንደሚበቅሉ፣ በረዶው በቀለጠ ሰሞንም ቅጠላቸው የአንድ እናት ልጆች መስሎ እንደሚያደናግር እንደ እርሳቸው የሚያውቅ አልነበረም።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው ከባሕር ዳር የመጡትን የግንድ ጫኝ መኪና ሾፌር አቶ ኤይጂሮ ሳሳሞሪን አገቡ። አቶ ኤይጂሮ የተራራውን ነገር ስለማያውቁ፣ ለጋብቻ ሊጠይቁ በመጡበት የመከር ቀን ከመንገድ ዳር የቀጠፉትን አንድ ትልቅ እቅፍ የወፍ ቆብ አበባ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። እህቴ አበባውን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ ከዚያም «አንተ! ልታገባኝ ነው ወይስ ልትገድለኝ?» ብለው ወደ ውኃ ጉድጓዱ እየገፉ ወስደው ሦስት ጊዜ እጃቸውን አስታጠቧቸው። አቶ ኤይጂሮ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት እስካረፉበት ቀን ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔ እጄን ታጥቤ ነው የታጨሁት» እያሉ ያስቁን ነበር። ከዚህ ጋብቻ ዛሬ እዚህ ያለችውን አንዲት ልጃቸውን ቺዙሩን ወልደዋል።

ይሁን እንጂ በትዳራቸው መጀመሪያ ላይ ከአማታቸው ጋር ሊያጣላቸው የደረሰው ይኸው ጎመን ነበር። አዲሲቱ ሙሽራ የለቀሙትን ቀቅለው መጀመሪያ ራሳቸው በሉ፤ ለአማታቸው ያቀረቡት በማግስቱ ነው። አማታቸውም «ምን ያለች ስድ አመጣብኝ! ለኔ ትራፊዋን!» ብለው አኮረፉ። እህቴ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የመንደሩን ጨዋነት ገለበጡት፤ የለቀመ ሰው መጀመሪያ ይቅመስ፣ ካደረ በኋላ ይስጥ፤ ካላደረ አይስጥ የሚለውን ሕግ በግድም በቀልድም አስለመዱን። ባለ ሱቁ አቶ ኩሺቢኪ «የእርስዎ ጎመን እኮ ጠውልጎ ነው የሚደርሰን» ሲሏቸው «እናንተ ከምትጠወልጉ እሱ ይጠውልግ» ብለው የመለሱትን ሁላችሁም ሰምታችኋል።

ከአርባ ዓመት ወዲህ በየሚያዝያው መንደርተኛውን ሰብስበው ከዚህ ቤተ መቅደስ ጀርባ ወዳለው ጅረት ይወርዱ ነበር። ነጭ አበባ ያልያዘችውን አትንኩ፤ ማጭድ አትያዙ፣ አንድ በአንድ በጣታችሁ ቅጠፉ፤ ከተጠራጠራችሁ ሥሩን ቆፍሩ፣ የመንታ አበባ ሥር እንደ ክር ቀጭን ሆኖ ይሳባል፣ የወፍ ቆብ ሥር ግን እንደ ትንሽ ካሮት ወፍሮ ይወጣል፤ ቤት ስትገቡ ጋዜጣ ላይ ዘርግታችሁ እንደገና እዩ ይሉን ነበር። ከጤና ቢሮ የተላኩት አቶ ሙናካታ፣ ያኔ ገና ወጣት ሳሉ፣ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ይዘው ሊያስተምሩን በመጡ ጊዜ እህቴ ገጹን ተመልክተው «ያንተ መጽሐፍ የሚያሳየው የመከሩን አበባ ነው፤ በመከር ማን ይለቅመዋል? ሰው የሚሞተው ገና ቅጠል ሳለ ነው። ይልቅ ዝጋውና ና፣ ጫማህን ጭቃ ይንካው» አሏቸው። አቶ ሙናካታም መጽሐፋቸውን ዘግተው ተከተሏቸው፤ ከዚያ በኋላም አንድ ዓመት ሳይቀሩ መጥተዋል።

አሁን የማነበውን እስከ ዛሬ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት በመከር ወራት እህቴ ሻይ ሲቀዱልኝ ከስኒው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ሲያፈሱት አየሁ፤ በማግስቱ መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ ከተማ ወደሚገኝ የዓይን ሐኪም ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ዳር ዳሩን እንጂ መሐሉን እንደማያዩ፣ እየባሰባቸውም እንደሚሄድ ነገሯቸው። ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ እኔ ዞረው «ፊትህ ጠፍቶብኝ ጆሮህ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ደግነቱ ጆሮህ አያንስም» ብለው ሳቁ። ከዚያም «ሺንሳኩ፣ ይቺን ነገር ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ቺዙሩ ከሰማች ቶክዮ ወስዳ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው የምታስቀምጠኝ» አሉኝ። እኔም «እሺ እትዬ፤ ግን ጅረቱ ጋ ብቻሽን አትወርጂም» አልኩ፤ «አንተ ዓይኔ ትሆናለህ፤ አትለፍልፍ ብቻ» አሉ። ያለፈው ዓመት አብሬያቸው ወርጄ የለቀሙትን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁላቸው፤ ማንም አላወቀም፤ እኔም ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ቺዙሩ፣ ይህን ከአንቺ የደበቅሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፍሬያለሁ።

ዘንድሮ ጉልበቴ አብጦ ተኝቼ ነበር። በስልክ «እትዬ፣ ሳምንት እንሄዳለን» ስላቸው «አበባው ያንተን ጉልበት አይጠብቅም» አሉኝ፤ «ግድ የለሽም፣ ጠብቂኝ» ብዬ ብለምናቸው «እሺ» አሉ። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ሳውቃቸው ሳይከራከሩ እሺ ብለው አያውቁም፤ ይህን ማስተዋል ነበረብኝ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ብቻቸውን ወረዱ። ነጩን አበባ በዓይናቸው ዳር እያዩ፣ በጣታቸው እየዳሰሱ እንደለቀሙ ከቅርጫታቸው ለመረዳት ችለናል፤ ነገር ግን የመንታ አበባዋ አበባ በወፍ ቆቡ ቅጠል ላይ ተደፍቶ ነበርና አበባውን ሲይዙ የተያያዘውን አብረው ሳቡት። ቤት ገብተው በጋዜጣ ላይ ዘረጉት፤ እንደገና አዩት፤ መሐሉን ግን አያዩም። ለሰባት ቤቶች ከፋፍለው በጋዜጣ ጠቀለሉ፤ በየእሽጉ ላይ አውራ ጣት በሚያህል ፊደል ስም ጻፉ፤ እስኪያድር በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደረደሩት። ከዚያም እንደ ሕጋቸው የራሳቸውን ድርሻ ቀቅለው፣ የአኩሪ አተር ስጎ ጠብ አድርገውበት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ከሩዝ ጋር በሉ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። «ሺንሳኩ፣ ከንፈሬ ደንዝዟል፤ ምላሴም» አሉኝ። ቀጥለውም «ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ማንም እንዳይነካ» አሉ። «አምቡላንስ ጠራሽ?» ብዬ ጮኽኩ። «አንተ ጥራ፤ እኔ በሩን ልቆልፍ ነው» ብለው ዘጉት። የእህቴን ወጥ ቤት ታውቁታላችሁ፤ በሚያዝያ ወር እያንዳንዳችሁ ሳታንኳኩ ገብታችሁ ስማችሁ ያለበትን አንስታችሁ የምትወጡበት ቤት ነው። አምቡላንሱና እያነከስኩ የመጣሁት እኔ ስንደርስ የመንገዱን በር ከውስጥ ቆልፈው፣ ወደ ጅረቱ በሚያወጣው መቆለፊያ በሌለው በር ላይ ጀርባቸውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው፤ በመስኮት ገብተን ነው ያወጣናቸው። አስመልሷቸው ነበር፤ እጃቸው በርዶ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ከበሩ አልተነሱም።

በአምቡላንሱ ውስጥ ሁለት ጊዜ «ሰው ነካው?» ብለው ጠየቁኝ። እሽጎቹን በጨረፍታ አይቻለሁ እንጂ አልቆጠርኳቸውም፤ እህቴ በሩ ጋ እስኪደርሱ ድረስ አንድ ሰው ገብቶ አንዱን ወስዶ እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ቺዙሩንና መንደሩን በዝምታ አታልያለሁና፣ ሳልቆጥር «ማንም አልነካውም» ልበል ብል አፌ አልታዘዝልህ አለኝ። መልስ ሳልሰጣቸው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ላይ፣ በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ልባቸው ቆመ።

በማግስቱ አቶ ሙናካታ ጓንት አጥልቀው እሽጎቹን በፊቴ ፈቷቸው። ያስተማሯቸውን ሰው ጎመን አንድ በአንድ እየለዩ እንባቸው በጋዜጣው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። መርዙ ያልገባበት አንድም እሽግ አልነበረም።

ስለዚህ ወይዘሮ ኪዮኖ ሳሳሞሪ በሕይወት ትተዋቸው የሄዱት እነዚህ ናቸው። ልጃቸው ቺዙሩና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው። ባለ ሱቁ አቶ ኩሺቢኪ ከነባለቤታቸው፣ ከነልጃቸውና ሦስት ዓመት ካልሞላት የልጅ ልጃቸው ጋር፤ በእሽጋቸው ውስጥ አራት የወፍ ቆብ ቅጠል ነበር። አሁን ከፊታችን የተቀመጡት የዚህ ቤተ መቅደስ መነኩሴ፤ ሁለት ቅጠል። ፖስታ አመላላሹ ናራኦካ፣ ነፍሰ ጡር ባለቤታቸውና እናታቸው፤ አምስት ቅጠል። በጅረቱ ማዶ ያሉት ሦስቱ ቤቶች፣ በድምሩ አሥር ሰው፤ በእያንዳንዱ እሽግ ከሦስት የማያንስ። ሰባተኛው የእኔ ነው። ጎመን እንደምወድ ስለሚያውቁ ከሁሉም አስበልጠው ጠቅልለውልኛል፤ አሥራ አንድ ቅጠል ነበረው። እንደ ድሮው ጨዋነታችን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የሚያነብም የሚሰማም ባልተገኘ ነበር።

እህቴ ተሳሳቱ የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውን ግን ብቻቸውን በሉት። እኚያ ሴትዮ የተሸከሙትን አንገት ሳይሸከሙ፣ ቀና እንዳሉ ሄደዋል። ቸርነቱ የማያልቀው ቡድሃ እጃቸውን ይዞ በንጹሑ ምድር ያሳርፍልን፤ ነፍስ እስከ አርባ ዘጠነኛው ቀን የምትጓዘው መንገድ ይቅናቸው፤ እዚያም ዳሩንም መሐሉንም አጥርተው ይዩ።

እትዬ፣ በአምቡላንሱ ውስጥ ለጠየቅሽኝ መልሱን ይዤልሽ መጥቻለሁ። ቆጠርኳቸው። ሰባቱም አሉ፤ ማንም አልነካቸውም።